የልምሻ ፍለጋ ከሰሜን ተራሮች እስከ ቤተ ሙከራ፦ የአንጀት ቫይረሶችና የዘር ዓይነታቸው በሕፃናት ላይ እንዴት ይታወቃሉ?

መግቢያ

«የልጅነት ልምሻ» የሚለው የአማርኛ ስያሜ የአንድን በሽታ ታሪክ በሁለት ቃላት ይናገራል። ትናንት ሲሮጥ የዋለ ሕፃን ትኩሳት ይዞት ያድራል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ እግሩ ወይም አንድ እጁ ይዝላል፤ ትኩሳቱ ይለቀዋል፣ የዛለው እግር ግን ላይመለስ ይችላል። የዚህ መዘዝ መንስኤ ፖሊዮ የሚባል ቫይረስ መሆኑን አብዛኛው አንባቢ ያውቃል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ይህ ቫይረስ ብቻውን የቆመ አለመሆኑ ነው። ፖሊዮ ኢንቴሮቫይረስ፣ ማለትም የአንጀት ቫይረስ፣ የሚባል ሰፊ ወገን አባል ሲሆን ከመቶ በላይ ዘመዶች አሉት። አብዛኞቹ በሕፃናት አንጀት ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ተቀምጠው ምንም ምልክት ሳያሳዩ ያልፋሉ። አንዳንዶቹ ግን የአንጎልን ሽፋን ያስቆጣሉ፣ ልብን ያሳብጣሉ፣ አልፎ አልፎም እንደ ፖሊዮ ጡንቻን ያዝላሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በዳባት ወይም በደባርቅ ገጠር የአንድ ሕፃን እግር ድንገት ቢዝል፣ መንስኤው ፖሊዮ መሆን አለመሆኑ በምን ይታወቃል? ፖሊዮ ከሆነስ ከየት መጣ? ምን ያህልስ ጊዜ ሳይታይ ሲዘዋወር ቆየ? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የፊዚክስ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለም። ይሁን እንጂ የጉዳዩ እምብርት መለካት ነው፤ የማይታየውን በሚታየው መለካት፣ ዝምታን ከባዶነት መለየት፣ ሰዓት በሌለበት ሰዓት ማንበብ። እነዚህ ለፊዚክስ ባዕድ አይደሉም።

ቫይረሱ ምን ዓይነት አካል ነው?

የአንጀት ቫይረስ ስፋት 30 ናኖሜትር ያህል ነው። 33 ሺህ ያህሉ ጎን ለጎን ቢሰለፉ አንድ ሚሊሜትር ይሞላሉ። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ከዚያ እጅግ ያነሰን አካል በተራ ማይክሮስኮፕ ለይቶ ማየት አይቻልም። የፖሊዮ ቫይረስ ቅርጽ እስከ አተሞቹ አቀማመጥ ድረስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1985 በኤክስሬይ ክሪስታሎግራፊ ነው። የታየውም ሃያ ገጽ ያለው የተመጣጠነ ቅርፊት ሲሆን፣ አራት ዓይነት ፕሮቲኖች እያንዳንዳቸው 60 ጊዜ ተደጋግመው የተገነባ ነው። በቅርፊቱ ውስጥ 7,500 ያህል ፊደላት ያሉት አንድ የአር.ኤን.ኤ ክር ተጠቅልሎ ይገኛል። በፊደል ብዛት ቢመዘን ይህ ሁሉ መመሪያ አንባቢው የያዘውን ጽሑፍ ግማሽ ያህላል ማለት ነው። ሕፃንን ለዕድሜ ልክ አካል ጉዳተኛ ሊያደርግ የሚችለው መልእክት ይህን ያህል አጭር ነው።

ይህ ቅርፊት እንደ ጉንፋን መሰሉ ኢንፍሉዌንዛ ወይም እንደ ኤች.አይ.ቪ. የስብ ሽፋን የለውም። ስለዚህ የጨጓራን አሲድ ችሎ ያልፋል፤ አልኮልም በቀላሉ አይበግረውም። በቀዝቃዛ ውኃና በእርጥብ አፈር ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊቆይ ይችላል። በክሎሪንና በሙቀት ግን ይጠፋል። እዚህ ላይ ለደጋ ነዋሪ የሚጠቅም አንድ የፊዚክስ ነጥብ አለ። የአየር ግፊት ከፍታ ሲጨምር ስለሚቀንስ፣ ውኃ በጎንደር ከተማ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ በደባርቅ ደግሞ ከ90 ብዙም ባልበለጠ ይፈላል። «እንዲህ ከሆነ የደጋ ፍል ውኃ ተሐዋስያንን አይገድልም» የሚል ጥርጣሬ አልፎ አልፎ ይነሣል። የአንጀት ቫይረሶች ከ60 ዲግሪ በላይ ባለ ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚበላሹ ጥርጣሬው መሠረት የለውም፤ ተንተክትኮ የፈላ ውኃ በሰሜን ተራሮች አናት ላይም ቢሆን ከእነዚህ ቫይረሶች ንጹሕ ነው።

የቤተሰቡ ስሞች

የወገኑ አባላት ስም የታሪካቸውን አሻራ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ኮክሳኪ በምትባል ትንሽ ከተማ ከታመሙ ልጆች ዓይነ ምድር ውስጥ አዲስ ቫይረስ ተገኘ፤ ኮክሳኪ የሚለው ስምም ከዚያ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ኤንደርስ፣ ዌለርና ሮቢንስ የፖሊዮ ቫይረስን የነርቭ ሕዋስ ባልሆነ ሕብረ ሕዋስ ላይ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ማሳደግ ቻሉ። ይህ ሥራ በ1954 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ሲሆን ለክትባቱም መንገድ ጠርጓል። ዘዴው እንደተስፋፋ ግን ያልታሰበ ነገር ተከሰተ፤ ከጤነኛ ልጆችም ጭምር ከማንኛውም የታወቀ በሽታ ጋር የማይገናኙ ቫይረሶች በብዛት ይወጡ ጀመር። ባለቤት የሌለው በሽታ አልባ ቫይረስ ስለሆኑ «ወላጅ አልባ» የሚል ትርጉም ያለበት ኤኮ የሚል ስም ተሰጣቸው። በኋላ ብዛታቸው ከስም አወጣጥ በላይ ሲሆን በቁጥር መጠራት ጀመሩ።

ከቁጥር ተጠሪዎቹ መካከል ኢንቴሮቫይረስ ኤ71 በምሥራቅ እስያ በሺዎች በሚቆጠሩ ሕፃናት ላይ የእጅ፣ የእግርና የአፍ ሽፍታን፣ በከፋ ጊዜም የአንጎል ሕመምን አስከትሏል። ኢንቴሮቫይረስ ዲ70 የተባለው ደግሞ በአኅጉራችን ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1969 በጋና ደም የቋጠረ የዓይን መቅላት በወረርሽኝ መልክ ሲነሣ፣ ጊዜው ሰው ጨረቃን ከረገጠበት ጋር ስለገጠመ ሕዝቡ በሽታውን «አፖሎ» ብሎ ጠራው። ከእነዚህ ሁሉ ሦስቱ የፖሊዮ ዓይነቶች፣ ማለትም ዓይነት 1፣ 2 እና 3፣ የሚመደቡት ኢንቴሮቫይረስ ሲ በተባለው ዝርያ ውስጥ ነው። በዚሁ ዝርያ ውስጥ ኮክሳኪ ኤ የሚባሉ በርካታ ቫይረሶች መኖራቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ እንጠይቃለን፤ ወደ እነርሱ እንመለሳለን።

የዝምታ ስሌት

ፖሊዮን ለመቆጣጠር አስቸጋሪ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ አለመታየቱ ነው። የዓይነት 1 ቫይረስ ከያዛቸው 200 ያህል ሕፃናት ውስጥ ሽባነት የሚደርስበት አንድ ብቻ ነው። በዓይነት 2 ደግሞ ከ2,000 ያህል አንድ ነው። የቀሩት ቀላል ትኩሳት ቢይዛቸው እንጂ ሌላ ምልክት አያሳዩም፤ ነገር ግን ቫይረሱን በዓይነ ምድራቸው ለሳምንታት ያወጣሉ።

ይህን በቀላል የዕድል ስሌት እንመልከተው። አንድ የተያዘ ሕፃን ሽባ ያለመሆን ዕድሉ 199 በ200 ከሆነ፣ 200 ሕፃናት ተይዘው አንድም ሽባ ያለመታየቱ ዕድል 0.995 ለ200 ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው፣ ማለትም 37 በመቶ ገደማ ነው። 460 ሕፃናት ተይዘውም ቢሆን ምንም ያለመታየቱ ዕድል ገና 10 በመቶ ነው። ለዓይነት 2 ይህንኑ የ10 በመቶ ደረጃ ለማግኘት 4,600 ያህል ሕፃናት መያዝ አለባቸው። ከዚህ የምንረዳው አንድ የዛለ እግር ሲታይ ነገሩ የጀመረው ያን ዕለት አለመሆኑን ነው። ከእርሱ ጀርባ በመቶዎች፣ ምናልባትም በሺዎች የሚቆጠሩ ያልታዩ ሕፃናት አሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ የሚያመልጥ ሕመምተኛ የሚያሳጣን የአንድ ሰው መረጃ ሳይሆን የአንድ አካባቢ መረጃ ነው።

ክትትሉ በተግባር

ኢትዮጵያ ፖሊዮን የማጥፋት እንቅስቃሴን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ የክትትሉ መሠረት ፖሊዮን ብቻ መፈለግ አይደለም። ከ15 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ የሚታይ ማንኛውም ድንገተኛ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ መንስኤው ምንም ይሁን ምን፣ ሪፖርት ይደረጋል። ጊላን ባሬ የሚባለው የነርቭ ሕመም፣ ያለቦታው የተወጋ መርፌ፣ የአከርካሪ ሕመም ተመሳሳይ ምልክት ያመጣሉ። እነዚህ ፖሊዮ ባለበትም በሌለበትም በየዓመቱ ከ100,000 ልጆች ቢያንስ በአንዱ ላይ ይከሰታሉ። ከዚህ የተነሣ ከ100,000 ልጆች ቢያንስ 1፣ ፖሊዮ በሚያሰጋቸው ሀገሮች ደግሞ 2 ወይም ከዚያ በላይ ሪፖርት እንዲገኝ ይጠበቃል።

የዚህን አስተሳሰብ ጥበብ ለመረዳት የጨረር መቁጠሪያ መሣሪያን ማሰብ ይጠቅማል። የትም ቦታ ቢቀመጥ ከአፈርና ከሕዋ የሚመጣ ጥቂት የጀርባ ጨረር መቁጠሩ አይቀርም። ንባቡ ዜሮ ከሆነ ጨረር የለም ብለን ሳይሆን መሣሪያው ተበላሽቷል ብለን እንደመድማለን። እንደዚሁም 400,000 ልጆች ያሉት አካባቢ በዓመት ስምንት ያህል የመዛል ሪፖርት ሊያቀርብ ሲገባው ምንም ካላቀረበ፣ ዝምታው የጤና ምልክት ሊሆን አይችልም። የሚፈልግ አልነበረም ማለት ነው።

በሰሜን ጎንደር ደጋ ፈላጊው ማን ነው? የመጀመሪያው ተጠሪ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ነገር ግን የሕፃን እግር ሲዝል ወላጅ አስቀድሞ የሚሄደው ሁልጊዜ ወደ ጤና ኬላ አይደለም። ወልቆ ይሆናል ብሎ ወደ ወጌሻ ይወስደዋል፤ ካልሆነም ወደ ጠበል። ስለዚህ ወጌሻዎች፣ የባህል ሐኪሞችና የጠበል ቦታ አገልጋዮች የክትትሉ መረብ አካል እንዲሆኑ ይደረጋል። ይህ ለባህል የሚደረግ ይሉኝታ አይደለም፤ መረጃው በቅድሚያ የሚደርሰው ወደ እነርሱ በመሆኑ ነው።

ሕፃኑ ከተገኘ በኋላ ጊዜ መቁጠር ይጀምራል። መዛሉ ከጀመረ በ14 ቀናት ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ልዩነት ያላቸው ሁለት የዓይነ ምድር ናሙናዎች መወሰድ አለባቸው። ሁለት የሆኑበት ምክንያት ቫይረሱ በእያንዳንዱ ቀን እኩል ስለማይወጣ ነው። አንዱ ናሙና ቫይረሱን የማግኘት ዕድሉ ለምሳሌ 70 በመቶ ቢሆን፣ ሁለቱም የመሳታቸው ዕድል 0.3 በ0.3 ሲባዛ 9 በመቶ ብቻ ይሆናል፤ የማግኘት ዕድላችን ወደ 91 በመቶ ከፍ ይላል ማለት ነው። ናሙናዎቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ፣ በበረዶ ዕቃ ውስጥ፣ በሦስት ቀናት ውስጥ ቤተ ሙከራ እንዲደርሱ ይጠበቃል። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከጎንደር አዲስ አበባ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በተራራው ላይ መንገድ ያልደረሰበት መንደር ካለ የመጀመሪያው ጉዞ በእግርና በበቅሎ ነው። ክትባቱ ቅዝቃዜውን ጠብቆ ከአዲስ አበባ ወደ ገጠር ይወጣል፤ ናሙናው ያንኑ መንገድ በቅዝቃዜ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሕፃኑም ከ60 ቀናት በኋላ እንደገና ተመርምሮ መዛሉ መቅረት አለመቅረቱ ይታያል።

በቤተ ሙከራ ውስጥ

ናሙናው የሚደርሰው በአዲስ አበባ በሚገኘውና ቀድሞ የጤናና የሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ይባል በነበረው በዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የፖሊዮ ቤተ ሙከራ ነው። ቤተ ሙከራው የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ዓለም አቀፍ የፖሊዮ ቤተ ሙከራዎች መረብ ውስጥ ይሠራል። በናሙናው ውስጥ ተሐዋስያን እንደ ሰርገኛ ጤፍ ተቀላቅለው ስለሚገኙ መለያው በሁለት ዓይነት ሕዋሶች ይከናወናል።

የመጀመሪያው አር.ዲ የሚባለው ከሰው የተገኘ የሕዋስ ዘር ሲሆን ፖሊዮንም ሌሎች በርካታ የአንጀት ቫይረሶችንም ያሳድጋል። ሁለተኛው ኤል.20.ቢ የሚባለው የአይጥ ሕዋስ ነው። አይጥ በተፈጥሮዋ ለፖሊዮ በሯ ዝግ ነው፤ ቫይረሱ ወደ ሕዋስ ለመግባት የሚጨብጠው እጀታ በሰው ሕዋስ ላይ እንጂ በእርሷ ላይ የለም። ሳይንቲስቶች የዚህን እጀታ ዘረ-መል ከሰው ወስደው በአይጧ ሕዋስ ውስጥ ከተከሉት በኋላ፣ ይህ ሕዋስ ከአንጀት ቫይረሶች መካከል በዋናነት ለፖሊዮ ብቻ የሚከፈት በር ሆነ። እንግዲህ በሁለቱም ላይ ያደገ ቫይረስ ፖሊዮ እንደሆነ ይጠረጠርና ወደ ሞለኪውል ምርመራ ያልፋል። በአር.ዲ ላይ ብቻ ያደገው «ፖሊዮ ያልሆነ የአንጀት ቫይረስ» ተብሎ ይመዘገባል።

ይህ ሁለተኛው ውጤት ከንቱ አይደለም። የአንጀት ቫይረሶች በየአካባቢው በሕፃናት ዘንድ ስለማይጠፉ፣ ከናሙናዎቹ ቢያንስ 10 በመቶው ፖሊዮ ያልሆነ የአንጀት ቫይረስ እንዲያሳዩ ይጠበቃል። ቁጥሩ ከዚህ በእጅጉ ካነሰ አንድም በረዶው በመንገድ ላይ ቀልጧል፣ አንድም የቤተ ሙከራው ሕዋሶች ደክመዋል። በሌላ አነጋገር እነዚህ ወላጅ አልባ ቫይረሶች የመላው ሰንሰለት ሙቀት መለኪያ ሆነው ያገለግላሉ። «ፖሊዮ አልተገኘም» የሚለው ቃል የሚታመነው እነርሱ ሲገኙ ነው።

በዘር ውስጥ የተጻፈ ሰዓት

አሁን ወደ ጽሑፋችን ዋና ነጥብ ደርሰናል። ጎንደር የብራና መጻሕፍት ከተማ ናትና ምሳሌውን ከዚያው እንውሰድ። ቁም ጸሐፊ አንድን መጽሐፍ ሲገለብጥ አልፎ አልፎ አንዲት ፊደል ይስታል። ከእርሱ ቅጂ የሚገለብጠው ሌላው ጸሐፊ ያችኑ ስሕተት ይደግማል፣ የራሱንም ይጨምራል። ከዘመናት በኋላ ቅጂዎቹን የሚያነጻጽር ሊቅ የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ በስሕተቶቹ ይለያል። የአንጀት ቫይረስም እንዲሁ ነው። አር.ኤን.ኤውን የሚገለብጠው ኤንዛይም አራሚ የለውም፤ በአንድ ሙሉ ቅጂ ውስጥ በአማካይ ከአንድ ብዙም የማይርቅ ስሕተት ይሠራል። ብዙው ስሕተት ቫይረሱን ያከስመዋል፤ ጥቂቱ ግን አልፎ ይወረሳል።

ለንባብ የሚመረጠው ቪ.ፒ.1 የተባለው የቅርፊቱ ፕሮቲን የሚጻፍበት 900 ያህል ፊደላት ያለው ክፍል ነው። በተከታታይ ሲለካ በፖሊዮ ላይ ይህ ክፍል በዓመት 1 በመቶ ያህል፣ ማለትም ዘጠኝ ወይም ዐሥር ፊደላት ይለወጣል። ፍጥነቱ በግምት ቋሚ ስለሆነ ለውጡ ሰዓት ይሆናል። ለምሳሌ በአንድ ወር ውስጥ በሁለት ወረዳዎች የተገኙ ሁለት ቫይረሶች በ18 ፊደላት፣ ማለትም በ2 በመቶ ቢለያዩ፣ ሁለቱም ከጋራ አባታቸው ወዲህ እያንዳንዳቸው የ1 በመቶ መንገድ ተጉዘዋል፤ የተለያዩትም ከአንድ ዓመት በፊት ገደማ ነው። አዲስ የተገኘ ቫይረስ ከሚታወቀው የቅርብ ዘመዱ በ2 በመቶ ርቆ ቀጥታ ከእርሱ የወረደ ከሆነ ደግሞ፣ ለሁለት ዓመት ያህል ማንም ሳያየው ተዘዋውሯል ማለት ነው። ይህ ለክትትል ሥርዓቱ ከባድ ፍርድ ነው፤ ቫይረሱ ራሱ ምን ያህል ዘመን እንዳመለጠ ይመሰክራል።

ይህ ንባብ በሀገራችን ታሪክ ተግባራዊ ሆኗል። የሀገር ውስጡ የተፈጥሮ ፖሊዮ ቫይረስ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2001 ነበር። ከዚያ በ2004 መጨረሻ ቫይረሱ በሱዳን በኩል ተመልሶ ገባ። የዘር ንባቡ ምንጩ ከምዕራብ አፍሪካ መሆኑን አሳየ፤ ከናይጄሪያ ተነሥቶ ሀገር በሀገር ተሻግሮ የመጣ ነበር። ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ ወደ ሱዳን የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ ሰሜን ምዕራቡ ለምን በልዩ ትኩረት እንደሚታይ ይረዳል። በ2013 ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ ዘር የሆነ የዓይነት 1 ቫይረስ በሶማሊያ ወረርሽኝ አስነሥቶ ወደ ኬንያና ወደ ኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን ተሻገረ፤ እስከ 2014 መጀመሪያ ድረስ በኢትዮጵያ 10 ሰዎችን አጠቃ። ኢትዮጵያ ከተፈጥሮው ፖሊዮ ነፃ መሆኗ በ2017፣ የአፍሪካ ቀጠና ነፃነት ደግሞ ነሐሴ 2020 ተረጋግጧል።

ከክትባት የሚወለደው ቫይረስ

ጉዳዩ ግን በዚህ አላበቃም። በአፍ የሚሰጠው ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። በተከተበ ሕፃን አንጀት ውስጥ ይራባል፣ ከዚያም በዓይነ ምድር ይወጣል። አብዛኛው ሕፃን በተከተበበት አካባቢ ይህ ጉዞ ወዲያው ይቋረጣል፤ እንዲያውም ያልተከተበው ጎረቤት ሳያውቀው ይከተባል። ብዙ ያልተከተቡ ሕፃናት ባሉበት ግን ቫይረሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ለወራት ሲዞር ፊደላቱ ይለወጣሉ፤ ያዳከሙት ጥቂት ለውጦች ይታረሙና የመጉዳት ኃይሉ ይመለሳል። ከዚህም አልፎ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ከኢንቴሮቫይረስ ሲ ዘመዶቹ፣ ማለትም ቀደም ብለን ካነሣናቸው ኮክሳኪ ኤ ቫይረሶች ጋር ሲገናኝ የአር.ኤን.ኤ ቁራጮችን ይለዋወጣል። ስለዚህ በአንድ አካባቢ የትኞቹ ወላጅ አልባ ቫይረሶች እንደሚዘዋወሩ ማወቅ ለፖሊዮም ትርጉም አለው።

የመለያው መስፈርት አሁንም ያው ሰዓት ነው። የዓይነት 1 ወይም 3 ቫይረስ በቪ.ፒ.1 ክፍሉ ከክትባቱ በ10 ወይም በበለጠ ፊደል፣ ዓይነት 2 ደግሞ በ6 ወይም በበለጠ ፊደል ከተለየ፣ ከክትባት የመነጨ ቫይረስ ይባላል። የተፈጥሮው ዓይነት 2 በ2015 መጥፋቱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በ2016 ይህ ዓይነት ከአፍ ክትባቱ በዓለም ዙሪያ እንዲወጣ ተደረገ። ሆኖም በብዙ የአፍሪካ ሀገሮች ከክትባት የመነጨው ዓይነት 2 መዛመቱን ቀጠለ። በኢትዮጵያም ከ2019 ጀምሮ፣ አስቀድሞ በሶማሌ ክልል ከዚያም በሌሎች ክልሎች፣ ሕፃናትን ሽባ አድርጓል። መልሱ የሚያዳክሙት ለውጦች በቀላሉ እንዳይታረሙ ተደርገው የተሠሩበት አዲስ የዓይነት 2 ክትባት ሆኗል። አንባቢ ከዚህ «እንግዲያው ክትባቱ ጎጂ ነው» ወደሚል ድምዳሜ እንዳይደርስ እናሳስባለን። እ.ኤ.አ. በ1988 በዓመት 350,000 ሕፃናት ሽባ ይሆኑ ነበር፤ ይህ ቁጥር የወረደው በዚሁ ክትባት ነው። ቫይረሱ የሚወለደው ሕፃናት ሳይከተቡ በቀሩበት ቦታ እንጂ በተከተቡበት አይደለም።

ይህ ነጥብ ለሰሜን ጎንደር የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 የተካሄደው ጦርነት በ2021 እስከ ዳባት አካባቢ ደርሶ ነበር፤ በ2023 የተቀሰቀሰው የአማራ ክልል ግጭትም መንገድ ይዘጋል፣ የጤና ኬላዎችን ሥራ ያስተጓጉላል። መንገድ ሲዘጋ ክትባቱ አይገባም፣ ናሙናውም አይወጣም። አደጋው ሲጨምር የማየት ኃይላችን በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ፖሊዮ ያልሆኑትን ማወቅ ለምን ይጠቅማል?

በተለመደው አሠራር «ፖሊዮ ያልሆነ» የተባለው ናሙና በአብዛኛው ከዚያ ወዲያ አይመረመርም። ዓይነቱን መለየት ግን ዛሬ አስቸጋሪ አይደለም። ቀድሞ በየዓይነቱ የተዘጋጀ ፀረ አካል እያቀረቡ መፈተን ግድ ነበር። ካለፈው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የቪ.ፒ.1ን ፊደላት ማንበብ በቂ ሆኗል፤ ሁለት ቫይረሶች በዚህ ክፍል 75 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከተመሳሰሉ በአጠቃላይ የአንድ ዓይነት አባላት ናቸው።

በዚህ ረገድ በቅርባችን መሠረት አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በዳባት ከ1996 ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን በቋሚነት የሚመዘግብ የምርምር ማዕከል አለው። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ከጀርመኑ ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ተቅማጥ ከያዛቸው ሕፃናት ናሙና የሮታ፣ የኖሮና የሌሎች የአንጀት ተሐዋስያንን የዘር ዓይነት ለይተው አሳትመዋል። እነዚህ ቫይረሶች ከኢንቴሮቫይረስ ወገን ባይሆኑም መንገዱ አንድ ነው፤ ናሙና፣ ቅዝቃዜ፣ የዘር ንባብ፣ ንጽጽር።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በታመመ ሕፃን ዓይነ ምድር ውስጥ የአንጀት ቫይረስ መገኘቱ ብቻውን የሕመሙ ምክንያት ቫይረሱ ነው አያሰኝም፤ ጤነኞቹም ይዘውት ይገኛሉና። ምልክትን ከጀርባ ጫጫታ ለመለየት በዚያው ወቅት፣ በዚያው መንደር፣ በዚያው ዕድሜ ያሉ ጤነኛ ሕፃናትም መመርመር አለባቸው። ከታመሙት ዘንድ በእጅጉ የበዛ ዓይነት ብቻ ነው የሚጠረጠረው። በተጨማሪም አንዳንድ ኮክሳኪ ኤ ቫይረሶች በተለመዱት ሕዋሶች ላይ በደንብ ስለማያድጉ፣ በሕዋስ ማሳደግ ብቻ የተሠራ ቆጠራ እነርሱን ይዘላል። ናሙናውን በቀጥታ በፒ.ሲ.አር ማየት ይህን ጉድለት ይሞላል።

ወደፊት የሚታዩ መንገዶች

ሁለት መንገዶች ተስፋ ሰጪ ናቸው። የመጀመሪያው ሽባነትን ሳይጠብቁ የፍሳሽ ውኃን መመርመር ነው። አንድ ናሙና የብዙ ሺህ ሰዎችን አንጀት በአንድ ጊዜ ይወክላልና የዝምታውን ስሌት ይሽራል። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ በቀር አብዛኞቹ ከተሞቻችን ሰፊ የፍሳሽ ቧንቧ መረብ ስለሌላቸው፣ እንደ ጎንደር ባለች ከተማ የመንደሮች ፍሳሽ የሚጠራቀምባቸውን እንደ አንገረብና ቀሃ ያሉ ወንዞች ዳርቻ በጥንቃቄ መምረጥ ይጠይቃል። በተበታተነው የደጋ ሰፈራ ግን ይህ ዘዴ ብዙም አይረዳም፤ በዚያ የሰው ዓይን ምትክ የለውም።

ሁለተኛው በናኖ ቀዳዳ የሚሠራው የዘር ማንበቢያ ነው። መሣሪያው በመዳፍ የሚያዝ ሲሆን፣ ክሩ እጅግ ጠባብ በሆነ ቀዳዳ ሲያልፍ በቀዳዳው የሚፈሰውን የኤሌክትሪክ ጅረት ይለካል። እያንዳንዱ የፊደላት ስብስብ ጅረቱን በተለያየ መጠን ያግዳል፤ ከጅረቱ መዋዠቅም ፊደሉ ይነበባል። የሚለካው የአንድ አምፔር ትሪሊዮንኛ ክፍልፋይ በሆነ መጠን ነው። በዲሞክራቲክ ኮንጎ ይህ ዘዴ ለፖሊዮ ተሞክሮ ውጤት የሚጠበቅበትን ጊዜ በእጅጉ አሳጥሯል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምንገነዘበው፣ የዘር ንባቡ የቱንም ያህል ቢረቅ የሚያነበው የመጣለትን ብቻ መሆኑን ነው። በሰዓቱ ያልተወሰደ ናሙና፣ በመንገድ የቀለጠ በረዶ፣ ከወጌሻ ቤት ሳይወጣ የቀረ ሕፃን በማንኛውም መሣሪያ አይተኩም። ስለዚህ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ ድንገት ሲዝል ያየ ማንኛውም ሰው፣ መምህርም ይሁን ካህን፣ ወላጅም ይሁን ጎረቤት፣ ያለመዘግየት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም በአቅራቢያው ላለው ጤና ጣቢያ ሊያስታውቅ ይገባል። የተፈቀደለት ጊዜ 14 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የምትደርስ አንዲት ቃል የዚያን ሕፃን እግር ላትመልስ ትችላለች፤ ከእርሱ ጀርባ ያሉትን ያልታዩ ሕፃናት ግን ታስቆጥራለች፣ ክትባቱም ወዴት መሄድ እንዳለበት ታመለክታለች።